ፀሐይን ለቀቅ፣ ቀኑን ጠበቅ!

«አቦ፣ በድሬ ፀሐይ ጥቅል ጎመን? ሳይጠቀለል ይቀቀላል!» ይሉናል። ሳቃቸውን ይጨርሱና ይስሙን፦ የሚቀቀለው በሚያዝያ የተተከለው ነው፤ በጥቅምት የተተከለው ይጠቀለላል። ጎመኑም ያው፣ ግቢውም ያው፣ ፀሐይዋም ያቺው፤ የተለየው ወሩ ነው።

ጥቅል ጎመን የሚወደው ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ያለውን አየር ነው። 25ን ሲያልፍበት ቅጠል ይዘረጋል እንጂ ልቡን አይቋጥርም። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ በሰኔ ከሰዓት በኋላ 35 ዲግሪ ትነካለች። በታኅሣሥና በጥር ግን ሌሊቱ ወደ 15 ይወርድና ነጠላ ያስደርባል። ስለዚህ ችግኙ መስከረም ላይ ይፈላል፣ ጥቅምት አጋማሽ ላይ ይዛወራል፣ ብርዱ ሲመጣ ይጠቀለላል፣ ጥር ላይ ቢላዋ ያያል። አዳማም ሆነ አርባ ምንጭ ያለ ሰው ስሌቱ አይለወጥበትም፦ የሰፈሩን ቀዝቃዛ ወር ይለይ፣ ከዚያ ሦስት ወር ግድም ወደ ኋላ ይቁጠር፣ ያን ቀን ይዝራ።

«በመስከረም ማን ጎመን ያስባል? የጎመን ምንቸት ወጥቶ የገንፎው የሚገባበት ወር አይደለም እንዴ?» ነው! ምንቸቱ ይውጣ፣ ዘሩ ግን ይግባ። ገንፎ ሲያልቅ ዐቢይ ጾም 55 ቀኑን ይዞ በር ላይ ይቆማል፤ ያን ጊዜ አልጫው በምን ሊሠራ ነው?

«ከሐረማያ በደንገጎ ወርዶ ቀፊራ ገበያ ተቆልሎ እያለ፣ ምን ያለፋሃል?» የሐረማያን ገበሬ እጁን ይባርክለት፤ 2,000 ሜትር ላይ ሆኖ እኛንም ጅቡቲንም ይመግባል። ነገር ግን የገበያ ጎመን ምን እንደተረጨበትና መቼ እንደተረጨበት የሚያውቀው የረጨው ሰው ብቻ ነው። የግቢዬን እኔ አውቀዋለሁ። ጠዋት ተቆርጦ ለምሳ ይደርሳል፤ መኪና አላንገላታውም፣ ፀሐይ ላይ አልዋለም።

«ታዲያ ዘር ለምን ትገዛለህ? ከራሱ ከጎመኑ አታወጣም?» ወዳጄ፣ ጎመን አበባ እንዲያወጣ ሳምንታት የሚዘልቅ ብርድ ይፈልጋል፤ ቆላ ላይ ያንን አያገኝም። ስለዚህ ዘሩ ይገዛል፣ ሲገዛም ተመርጦ ነው። ሙቀት በመቻል የታወቀው ኬኬ ክሮስ የሚባለው ዝርያ ለእኛ ይሆናል። «ጎመን ጎመን ነው» ብሎ ያገኘውን የሚያነሳ ሰው፣ ቅጠል ብቻ ሲያጭድ ሻጩን አይውቀስ።

«መሬት ላይ በትን፣ የበቀለው ይበቅላል!» የበተኑትማ ለወፍና ለጉንዳን ነው። ዘሩ በመደብ ወይም በሣጥን አንድ ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይዘራል፣ ከላዩ የሣር ዳስ ይሠራለታል። አራት አምስት ቅጠል ሲያወጣ፣ ይኸውም ከአንድ ወር ግድም በኋላ፣ ጥላው ቀስ በቀስ ይነሳና ፀሐይ ይለማመዳል። የሚዛወረው አመሻሽ ላይ ነው፤ እኩለ ቀን ላይ የሚተክል ሰው ችግኙን እየቀበረው ነው። በችግኝና በችግኝ መካከል 45 ሴንቲ ሜትር ይተዋል። ከሥሩ በደንብ የበሰበሰ የፍየል በጠጥ ይገባል፤ ትኩሱ ሥር ያቃጥላል።

«ልጄ፣ ውኃው በወረፋ በሚመጣበት ሰፈር ለጎመን ከየት ይመጣል?» ሲሉኝ ግን እትዬ፣ ለእርስዎ ተረብ የለኝም፤ ጥያቄዎ የእውነት ነው። ጎመን የሚጎዳው ውኃው ሲያንስበት ብቻ ሳይሆን ሲዛነፍበትም ነው። ሳምንት አስጠምተው አንድ ቀን ቢያጥለቀልቁት፣ የተቋጠረው ጥቅል ከመሃሉ ይሰነጠቃል። ጥቂት ጥቂት፣ ጠዋት ጠዋት፣ ከሥሩ ያጠጡት። አፈሩን በጭድ ወይም በደረቅ ሣር ይጎዝጉዙለት፤ ጉዝጓዙ ጀሪካን ይቆጥብልዎታል። የጠዋት ፀሐይ የሚያገኝ፣ ከሰዓት በኋላ ግን የቤት ወይም የማንጎ ጥላ የሚያርፍበት ቦታ ካለዎት፣ መደቡን እዚያ ያድርጉት።

«ትሉ ይፈጀዋል፣ መርዝ ረጭተህ ተገላገል!» ይህን የሚል ሰው ጠላቱን አያውቃትም። እስኪ አንድ ቅጠል ገልብጥ። ከትንሽ ጣት ጥፍር የማትበልጥ አረንጓዴ ትል ታገኛለህ፤ ስትነካት ተወራጭታ ወደ ኋላ ታፈገፍግና በቀጭን ክር ተንጠልጥላ ትወርዳለች። የበላችበትን ቅጠል ወደ ብርሃን አንሣው፦ ሥጋው ተግጦ ስስ ቆዳው ብቻ ቀርቷል። ዳይመንድባክ የምትባል የእሳት ራት ልጅ ናት፤ እናቲቱ ክንፏን ስታጥፍ ጀርባዋ ላይ የአልማዝ ቅርጽ ይደረደራል። ሙቀት ለእሷ ሠርግ ነው፤ ከእንቁላል እስከ ራት ሦስት ሳምንት አይሞላትም።

መርዙንማ ማን እንደ እሷ ያውቀዋል! እ.ኤ.አ. በ1953 በኢንዶኔዥያዋ ጃቫ ደሴት ዲዲቲን ተቋቁማ ተገኝታለች፤ ከሰብል ተባዮች ከቀዳሚዎቹ አንዷ ናት። ዲዲቲ ያልጣላትን፣ ስሙ ካልተጻፈበት ብልቃጥ የተቀዳ ሊጥላት ነው? ቀድመው የሚያልቁት እሷን የሚያጠቁት ትናንሽ ተርቦችና ሸረሪቶች ናቸው፤ ከዚያ ሜዳው የእሷ ይሆናል። መድኃኒቱ ድሬ ላይ ሞልቷል፤ ኒም ነው። የደረቀ የኒም ፍሬ ይወቀጣል፣ 50 ግራሙ በአንድ ሊትር ውኃ ያድራል፣ ይጠለላል፣ ትንሽ ሳሙና ጠብ ይደረግበታል። ፀሐይ ኃይሉን ስለምትሰብረው የሚረጨው ሲመሽ ነው፤ ከቅጠሉ ሥር ይረጫል፣ በየሳምንቱ ይደገማል። ትሏ ወዲያው አትሞትም፤ መብላት ታቆማለች፣ ማደግ ያቅታታል። ለክሽክሽ የሳሙና ውኃው ብቻ ይበቃል።

«አምና ያማረበት መደብ ላይ ዘንድሮም ድገመው!» አልደግመውም። የቅጠሉ ጠርዝ በሦስት ማዕዘን ቅርጽ ቢጫ ሆኖ የቅጠሉ ጅማቶች የሚጠቁሩበት በሽታ ሙቀትና እርጥበት ይወዳል፣ በቀረ ቅጠልና ገለባ ውስጥም አድብቶ ይቆያል። በጎመን ላይ ጎመን፣ በአበባ ጎመን ላይ ጎመን፣ በጎመን ዘር ላይ ጎመን ቢያንስ ለሁለት ዓመት አይተከልም። ሽንኩርት ወይም ባቄላ ይረፍበት።

«ግቢው የአከራይ ነው!» ጆንያው ግን የራስህ ነው። በጆንያ ወይም አናቱ በተቆረጠ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አንድ ጎመን ይቋጠራል። ከሥሩ መብሳት አትርሳ፤ ውኃ ሲተኛበት ይበሰብሳል። አከራይ ውጣ ቢልህ ጎመንህ አብሮህ ይወጣል።

«ለአንድ ጥቅል ይህ ሁሉ ልፋት?» አንድ ማን አለህ? በአውራ ጣት ስትጫነው የጠነከረውን ጥቅል ቁረጥ፣ ግንዱንና የውጪ ቅጠሎቹን ግን አትንቀል። ማጠጣትህን ቀጥል፤ ከግንዱ ጎን ሌሎች ትንንሽ ጥቅሎች ይወጣሉ። ነቅሎ የሚጥል ሰው ሁለተኛውን ምርት ለፍየል ሰጠው።

በመጨረሻ «ተወው ባክህ፣ ጎመን በጤና!» ይሉናል። አሜን! ግን ጎመን በጤና የሚባለው ጎመኑ ሲኖር ነው። ጤናውን ከላይ እንለምናለን፤ ጎመኑን መስከረም ላይ እንዘራለን።