የሰሌዳ አጣቢው

ማር ልልክ ነበር፤ ነገሩ ይኸው ነው። የዋግ ነጭ ማር፣ በጀሪካን፣ ከሰቆጣ አዲስ አበባ ላለችው እህቴ። ሰው ማር ሲልክ ክዳኑን በላስቲክ ጠቅልሎ ያስርና አይሱዙ ላይ ያስጭናል፣ ሹፌሩን «አደራህን» ይላል፣ ቤቱ ይገባል። እኔ ግን፣ ወዳጄ፣ እንደ ሰው የማደርገው ነገር እንደሌለ አንተም ታውቃለህ።

ጣጣውን ያመጣው የዚያችው የእህቴ ልጅ ነው። ዳላስ ላይ ከባድ መኪና ይነዳል። ደወለና «አጎቴ፣ የመኪናውን ታሪክ አይተሃል?» አለኝ። የንጉሥ ታሪክ እንጂ የመኪና ታሪክ አላውቅም ብለው ሳቀብኝ። እነሱ ዘንድ ከግዛት ግዛት የሚያጓጉዝ የጭነት ድርጅት ሁሉ «ዩኤስ ዶት» የሚባል ቁጥር የመኪናው በር ላይ ይጽፋል። ማንም መንገደኛ ቁጥሩን ኢንተርኔት ላይ ቢያስገባ፣ ድርጅቱ ባለፉት 24 ወራት ስንት ጊዜ እንደተፈተሸ፣ ስንት መኪናው ከመንገድ እንደታገደ፣ ስንት አደጋ እንደደረሰበት ይዘረገፍለታል። ይህን የሚከታተል የፌዴራል መሥሪያ ቤት አላቸው አሉ፤ በፈረንጆቹ 2000 ሥራ የጀመረ። «እናንተም ጋ አይጠፋም፣ ጠይቅ» ብሎ ስልኩን ዘጋው። ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል፤ ጡረታ የወጣ መምህር ደግሞ ጠይቅ ሲሉት ይጠይቃል።

ፍርሃቴም ቢሆን መሠረት ነበረው። አይሱዙን «አልቃይዳ»፣ ሲኖትራክን «ቀይ ሽብር» ብሎ የሰየመ ሕዝብ ያየውን ቢያይ ነው። ከሰቆጣ በቢልባላ አድርጎ ወደ ላሊበላ የሚወስደውን መንገድ የሄደበት ያውቀዋል፤ እኔ መስኮት በኩል ተቀምጬ አላውቅም።

ለነገሩ ሰቆጣ ጭነት የጀመረችው ትናንት አይደለም። አሞሌው ከአፋር ቆላ በግመልና በበቅሎ እየወጣ ሲመጣ ከትልልቆቹ የጨው ገበያዎች አንዷ እሷ ነበረች። በቅሎዋ ታርጋ አልነበራትም፤ ግን የትኛው ነጋዴ ጭነት እንደሚያረጥብ፣ የትኛው ወንዝ ሲሞላ እንደማይደፍር ገበያው ሁሉ ያውቅ ነበር ይባላል። ይህን ሁሉ እያሰላሰልኩ፣ ማሬን የሚጭንልኝን አይሱዙ የሰሌዳ ቁጥር በክብሪት ቀፎ ላይ ገልብጬ ወደ አንድ የትራንስፖርት ቢሮ ገባሁ።

ከመሄዴ በፊት ተዘጋጅቻለሁ እኮ! የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 የሚባል እንዳለ አጣርቼ፣ ስሙን እንደ ዳዊት ሸምድጄዋለሁ። ለጸሐፊዋ ከነቁጥሩ አነበነብኩላት። ልጅቷ በትዕግሥት አዳምጣኝ፦

«ኮዱስ፣ ጋሼ?» አለችኝ።

«ምን ኮድ?»

«ኮድ 2 ነው? ኮድ 3 ነው? ደግሞስ አማ ነው፣ ኢት ነው ወይስ አአ?»

«እዚሁ ሰቆጣ ነው የቆመው።»

«የቆመበትን አይደለም የጠየቅኩዎት።»

ለካስ ያ አምስት አሃዝ ብቻውን የማንም አልነበረም። ያው ቁጥር ባለ ሰማያዊው የቤት መኪና ላይ፣ ባለ አረንጓዴው የንግድ መኪና ላይ፣ ባለ ጥቁሩ የመንግሥት መኪና ላይም ሊኖር ይችል ነበር፤ በዚያ ላይ ክልል ሲጨመርበት እንደገና ይባዛ ነበር። እኔ በክብሪት ቀፎ ይዤ የዞርኩት የግማሽ አገር መኪና ነው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይላሉ፤ እኔ አዋጁን ጠምጥሜ ሰሌዳ ማንበብ አልተማርኩም።

ተመለስኩ። መኪናው መጫኛው ሜዳ ላይ እንደቆመ ነው፤ ግን የኋላ ሰሌዳው ከቁጥሩ በቀር ጭቃ ተጋግሮበታል። ኮዱም፣ ክልሉም አይታይም። ግራ ቀኝ አየሁና ከቧንቧው ዳር ውኃ በጣሳ ቀድቼ፣ በነጠላዬ ጫፍ ማሸት ጀመርኩ። ጭቃው እልኸኛ ነው። እኔም እልኸኛ ነኝ። ቁጭ ብዬ እጅጌዬን ጠቅልዬ በጥፍሬ ስፍቅ፣ ረዳቱ ከወደ ጋቢናው ብቅ አለ።

«አባባ፣ እግዜር ይስጥልን! የፊቱንም አዳርሱልና!»

እዚህ ላይ «አይ፣ እኔ የደህንነት መዝገብ እያጣራሁ ነው» ማለት ይቻል ነበር። አንተ ብትሆን ትል ይሆናል። እኔ ተነሥቼ የፊቱን አጠብኩ። የፊቱንም ማየት ያስፈልገኝ ነበር ብዬ ራሴን አጽናናሁ፤ መብራቱን ግን ለምን እንዳጠብኩ እስካሁን አልገባኝም። በዚህ መሀል ከስንት ዘመን በፊት ሰባተኛ ክፍል ሒሳብ ያስተማርኩት ልጅ፣ ዛሬ ሱቅ ያለው ጎልማሳ፣ ቆሞ ያየኛል። «መምህር፣ ደህና ዋሉ?» አለና፣ መልሴን ሳይጠብቅ አንገቱን ደፍቶ አለፈ። ሳቅ ቢስቅ ይሻለኝ ነበር። ረዳቱ ሃምሳ ብር እጄ ላይ አኖረ። ተቀበልኩ። ከማስረዳት መቀበል ቀለለኝ።

ኮድ 3፣ ኢት። ይህንን ይዤ እርጥብ ነጠላዬን እያንጠባጠብኩ ወደ ቢሮው ገባሁ። ጸሐፊዋ አዘነችልኝ። የመኪና ፋይል የሚቀመጠው ሰሌዳው በወጣበት ቦታ ነው፣ ሰቆጣ የለም አለችኝ። ቢኖርም ለባለ ንብረቱ ወይም በፖሊስና በፍርድ ቤት ደብዳቤ እንጂ ማር ለሚልክ ሰው አይወጣም።

ሜዳው ዳር ጀበና ጥዳ የምትውል ሴት ቡና ስትቀዳልኝ፣ ሳልጠይቃት፦ «እርስዎ፣ የዚያን ልጅ መኪና ሲዞሩ የዋሉት ለምንድን ነው? ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ወርዶ ጎማውን የሚያይ ሹፌር ቢኖር እሱ ነው። ያ ባለ ሰማያዊ ሸራው ነው እንጂ ሌሊቱን ሲነዳ የሚያድረው» አለችኝ። ጠዋት እዚሁ ብቀመጥ ኖሮ የአንድ ስኒ ቡና ብቻ ነበር የሚያስወጣኝ።

ሹፌሩ ነገሩን ሲሰማ እየሳቀ ከጋቢናው ሊብሬውንና መንጃ ፈቃዱን ዘረገፈልኝ፤ የዓመቱን ቦሎም አሳየኝ። ሁሉም የታደሰ ነው። መስተዋቱ ላይ የተለጠፈውን የሦስተኛ ወገን መድን ሳይ ደረቴን ነፋሁ፤ ማሬ ዋስትና አገኘ ብዬ።

«ጋሼ፣ እሱ እኮ ገጭተን ለምንጎዳው ሰውና ንብረት ነው» አለኝ። «ለጫንነው ማር አይደለም።»

ማሩ በደህና ገባ፤ እህቴም ጣቷን እየላሰች ደውላለች። ሃምሳ ብሩን ለረዳቱ ልመልስለት ብል «የላብዎ ነው» ብሎ እምቢ አለኝ። አንተም ከሰቆጣ የምታስጭነው ካለህ ከቁጥሩ ጋር ሰሌዳው ላይ ያለውን ሁሉ ጻፍ፤ ለጭነቱ መድን ከፈለግህ ደግሞ ለብቻው ነው የሚገዛው።