ፀሐይ በየትኛው ሀ ትወጣለች?

ወንድሜ በነሐሴ ሴት ልጅ ወለደ። ሌሊቱን ሲወርድ ያደረው ዝናብ ንጋት ላይ ጋብ ብሎ ነበርና እናቴ መስኮቱን ከፈት አድርጋ «ፀሐይ ትባል» አለች። ስሙ አምስት ደቂቃ እንኳ ሳይፈጅ ወጣ። የቀረው አጻጻፉ ነበር። ሕጉ ልደት ለማስመዝገብ 90 ቀን ይሰጣል፤ ቤተሰባችን 89ኙን ተጠቅሞባቸዋል። ይህ ጥናት የዚያ ዘመን ፍሬ ነው።

በቅድሚያ ስሌቱ። የመጀመሪያው ፊደል ጸሎቱ ጸ ወይም ፀሐዩ ፀ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ ወይም ኃ ነው፤ በአማርኛ አፍ ስድስቱም አንድ ናቸው። ሁለት ጊዜ ስድስት አሥራ ሁለት። ሦስት ኪሎ የማትሞላ ሕፃን አሥራ ሁለት ሆና ልትመዘገብ ትችላለች ማለት ነው። ሦስተኛው ፊደል ይ ነው። በይ የተጣላ ስለሌለ ጥናቱ አያነሣውም።

የግእዙን ወገን የመሩት በልጅነታቸው ቆሎ ትምህርት ቤት የነበሩት ጎረቤታችን ናቸው። አቋማቸው አጭር ነው፦ ፀሐይ፣ በፀሐዩ ፀና በሐመሩ ሐ፣ ነገር አለቀ። «በንጉሡ ሠ ሠረቀ ካልን ወጣ ነው፤ በእሳቱ ሰ ሰረቀ ካልን ሌባ ነው። ፊደል ስትንቁ ፀሐይዋን እስር ቤት ታስገቧታላችሁ» አሉ። ወንድሜ ግን አንድ ጥያቄ ነበረው። ፀሐይ በየትኛው ፀ ትጻፋለች? በፀሐዩ ፀ። ፀሐዩ ፀ የቱ ነው? ፀሐይ የምትጻፍበት። እንዲህ ግጥም ብሎ የተዘጋ ማስረጃ በሌላ የዕውቀት ዘርፍ አላጋጠመኝም።

ወንድሜ ራሱ የጣት ወገን ነው። በስልኩ ላይ ሳይቸገር የሚመጣለትን ይጽፋል፤ የሚመጣለትም ጸሀይ ነው። «አንባቢው ይገባዋል» ይላል። አንባቢውስ ይገባዋል፤ የማይገባው ኮምፒውተሩ ነው። ዩኒኮድ የግእዝን ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ሲቀበል ሦስቱንም ሀ ለየብቻ ቁጥር ስለሰጣቸው ለማሽን ፀሐይና ጸሀይ አይተዋወቁም። የዕድራችን ጸሐፊ መዝገቡን ወደ ኮምፒውተር ካስገቡ ወዲህ አንዲት የሰፈራችን ፀሐይ በየወሩ ሁለት መዋጮ ይጠየቃሉ። ሴትዮዋ «ስሞት ሁለት ድንኳን ይተከልልኝ» ብለዋል።

አሁን ወደ ብዙኃኑ ኀ እንመጣለን። ይህ ፊደል ብዙኃኑ የተባለው ደጋፊው በዝቶ አይደለም፤ በቤታችን ያለው አንድ ሰው ነው፣ አጎቴ። አጎቴ ኃይሉ ይባላሉ። በመሥሪያ ቤት በነበሩበት ዘመን ሁሉ ስማቸውን በሀ የጻፈ ደብዳቤ ሳይከፍቱ ይመልሱ ነበር። ጡረታ ከወጡ ወዲህ የሚመልሱት ደብዳቤ ስለጠፋ ይኸው ጉልበት ሳይነካ ተቀምጦ ቆይቷል። ፀኃይ ካልተባለች ልጅቱ አቅም አይኖራትም ባይ ናቸው። ጎረቤታችን «ግእዙ እኮ ሐመሩ ሐ ነው» ሲሏቸው፣ «ግእዙ እኔን ሳያማክር ነው» አሉ። ይህ ወገን አንድ አባል ብቻ ቢኖረውም በሁለት ተከፍሏል፦ ጠዋት በግእዝ ኀ ይጻፍ ይላሉ፣ ማታ ከእራት በኋላ በራብዕ ኃ። በመካከሉ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ስለሚተኙ ድምፀ ተዓቅቦ ያደርጋሉ። አንድ ማክሰኞ የጠዋቱ አጎቴ የማታውን «ፊደል ያልቆጠረ» ብለው ሲሰድቡት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ብዕር አስይዘን ራሳቸው እንዲጽፉት ብንጠይቃቸው ፀሐይ ብለው ጻፉ፤ እጄ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም አሉ። ወረቀቱን አስቀምጬዋለሁ።

ከዋሽንግተን የምትደውለው አክስቴ በፈረንጁ ፊደል በኩል ገባች። በለንደን ነርስነት በተማሩት በልዕልት ፀሐይ መታሰቢያነት የተሠራው ሆስፒታል በእንግሊዝኛ ሲጻፍ መጨረሻው አይ ስለነበር የእኛዋም በአይ ታብቃ አለች። ልጇ ደግሞ በልዕልቲቱ ስም የተጠራችው አውሮፕላን በ2016 ዓ.ም. ከጣሊያን ስትመለስ በዋይ ተጽፋ አይቻለሁ አለ። እናትና ልጅ እስካሁን በዚህ ተኳርፈዋል። እኛ ገና ከአገር ውስጡ ስላልወጣን አልገባንበትም።

የተቀሩትን አጻጻፎች በየምድባቸው ለማቅረብ አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ፀሃይና ጸሃይን የሚለያቸውን ጽፌ ሳነበው ራሴም እንቅልፍ ወሰደኝ። ይቅሩ።

የልጅቱ እናት በጉባኤያችን አንድም ቀን አልተገኘችም። ዝናቡ ካባራ ወዲህ ጠዋት ጠዋት በረንዳ ላይ ትወጣለች፣ ፀሐይን ፀሐይ ለማሞቅ። ሲረፍድ እናቴ «በቃ አስገቢያት፣ ለሕፃን የምትሆነው የጠዋቷ ናት» ትላታለች።

በ89ኛው ቀን ሁላችንም ወረዳ ሄድን። መዝጋቢው ወጣት የያዝነውን ወረቀት ሁሉ አገላብጦ ሲያበቃ ከመካከላችን ዝም ያለችውን መርጦ ጠየቀ።

«እማማ፣ በየትኛው ሀ ልጻፈው?»

«የጠዋቷን ጻፍ፣ ልጄ» አለች እናቴ።

ልጁ ኪቦርዱ ላይ አጎንብሶ ቆየ። አጎቴ አንገታቸውን ወደ ስክሪኑ አሰገጉ፤ ጎረቤታችን መነጽራቸውን አወጡ። ልጁ ቀና ብሎ፣ «ሲስተም ሄዷል፤ ነገ ተመለሱ» አለን።

ነገ 90ኛው ቀን ነው።