19 ለ31

ቤዝቦል በዓመት 162 ጨዋታ አለው። ኤፕሪል ላይ ቡድንህ በተከታታይ ሲሸነፍ “ገና ነው፣ ታገስ” የሚልህ ሰው አይጠፋም። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ደግሞ ይህን የሚልህ ሰው ማስረጃም አለው፦ 2019። በዚያ ዓመት ሜይ 23 ላይ የከተማዋ ቡድን ናሽናልስ 19 አሸንፎ 31 ተሸንፎ ነበር። የፒቸሮቹ (የኳስ ወርዋሪዎቹ) አሰልጣኝ ቀድሞ ተሰናብቷል፤ ደጋፊው ዋናው አሰልጣኝ ዴቭ ማርቲኔዝም ይከተለው እያለ ይጮህ ነበር። ያ ቡድን ግን 93 ጨዋታ አሸንፎ ወቅቱን ጨረሰ፤ ኦክቶበር 30 ሂዩስተን ላይም የወርልድ ሲሪስን ዋንጫ አነሳ። ዋሽንግተን ከ1924 ወዲህ ያላገኘችው ዋንጫ ነው።

ያን ዋንጫ እወደዋለሁ። የሚያናድደኝ ከዚያ ወዲህ የስንት ነገር መሸፈኛ መሆኑ ነው።

የቡድኑ ኮከብ ሁዋን ሶቶ ለሌላ ቡድን ከተሰጠ በኋላ በመጣ አንድ ኤፕሪል፣ ጋሼ ከምላቸው የሰፈራችን ሰው ጋር ስታዲየም ገባን። ጋሼ ታክሲ ነጂ ናቸው፤ ቡድኑ በ2005 ከሞንትሪያል መጥቶ አርኤፍኬ ስታዲየም ይጫወት ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ ይደግፉታል። ጨዋታውን የተማሩት ከመኪናቸው ሬዲዮ ነው። ቤዝቦል ለታክሲ ነጂ ይመቻል፤ ሰው ጭነህ፣ አድርሰህ፣ ሂሳብ ተቀብለህ ስትመለስ እዚያው ኢኒንግ (የጨዋታ ዙር) ላይ ታገኘዋለህ።

ያን ማታ ከአናኮስቲያ ወንዝ በኩል የሚመጣው ብርድ አጥንት ይሰብራል። በሦስተኛው ኢኒንግ ዝናቡ ወረደ። ቤዝቦልን እንደ እግር ኳስ በከባድ ዝናብ አይጫወቱትም፤ በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር የሚወረወር ኳስ ከረጠበ እጅ ቢያመልጥ የሰው ፊት ላይ ያርፋል። ሜዳውን በሸራ ሸፈኑት፣ እኛም ጣራ ሥር ቆመን ጠበቅን። ጨዋታው ሲቀጥል መሽቶ ነበር፤ ዙሪያችን ያለው ወንበር ሁሉ ባዶ ነው፣ ቡድናችንም ተበልጧል። ጋሼ ግን ሳያልቅ አልነሳም አሉ። ተሸነፍን።

መኪናው ወዳለበት ፓርኪንግ ስንደርስ በሩ ተቆልፏል። ጠባቂ የለም። ግድግዳው ላይ በተጻፈው ስልክ ብንደውል፣ ብንደውል የሚያነሳ ጠፋ። የመጨረሻው ባቡርም ሄዷል። በዝናብ በስብሰን ጥቂት ከተጓዝን በኋላ አንድ ታክሲ ቆመልን፤ ነጂው ጋሼን የሚያውቃቸው የአገራችን ልጅ ነበር።

“ምነው ጋሼ፣ መኪናዎ ምን ሆነች?” አለ፤ ነገርነው። ከየት እንደመጣን ሲሰማ ግን “አይዘኑ፣ ገና ኤፕሪል እኮ ነው። 19 ለ31 ሆነን ዋንጫ በልተን የለም?” አላቸው።

ጋሼ ዞረው አዩት። “ያኔ እነማን ነበሩ? ሸርዘር፣ ስትራስበርግ፣ ሬንዶን፣ ተርነር፣ ሶቶ። እነሱን ይዘህ ብትሸነፍ ትጠብቃለህ። አሁን ማንን ልጠብቅ?”

ልጁ መልስ አላገኘም፤ እኔም እስከ ዛሬ አላገኘሁለትም። ሬንዶን ዋንጫው በተበላበት ክረምት በ245 ሚሊዮን ዶላር ወደ ኤንጀልስ ሄደ። በዚያው ዋጋ የቀረው ስትራስበርግ ሰውነቱ እምቢ ብሎት ብዙም ሳይወረውር ጡረታ ወጣ። ሸርዘርና ተርነር በ2021 አንድ ላይ ለዶጀርስ ተሰጡ። ሶቶ ደግሞ በ20 ዓመቱ፣ በ2019 ከሚልዋኪ ቡድን ጋር በነበረው የሞት ሽረት ጨዋታ፣ በስምንተኛው ኢኒንግ ውጤቱን የገለበጠ ልጅ ነው። ለ15 ዓመት የቀረበለትን 440 ሚሊዮን አልቀበልም አለና ኦገስት 2 ቀን 2022 ወደ ሳንዲያጎ ተላከ። ስግብግብ ያሉት ብዙ ናቸው። አልስማማም፤ በኋላ ሜትስ 765 ሚሊዮን ሊከፍለው ፈረመ። እሱ የሄደበት 2022 ግን 107 ሽንፈት ተቆጥሮብን አለቀ።

በሶቶ ምትክ የመጡት ልጆች፣ በተለይ ጄምስ ዉድና ሲጄ ኤብራምስ፣ ጎበዞች ናቸው፤ ይህን አልክድም። ግን ልጅ ብቻውን ቡድን አይሆንም፤ አጠገቡ የበሰለ ፒቸር ይገዛለታል። የቡድኑ ባለቤት የሆነው የለርነር ቤተሰብ በ2022 ልሸጠው አስባለሁ አለ፣ በ2024 አልሸጥም አለ፤ ደጋፊው በዚህ መሀል ታገሡ እየተባለ ቲኬት ገዛ።

የጋሼን መኪና በማግስቱ የሌሊቱን ከፍለን ከተቆለፈው ፓርኪንግ አወጣናት።

ጁላይ 6 ቀን 2025 ማርቲኔዝና የተጫዋቾችን ግዢና ሽያጭ የሚመራው ማይክ ሪዞ በአንድ ቀን ተባረሩ። ለጋሼ ደውዬ ስነግራቸው ደስ አላላቸውም። “ማርቲኔዝ ያልተገዛለትን ፒቸር ከየት ያምጣ?” አሉኝ። ልክ ናቸው። አሰልጣኝ ሲለወጥ በአዲስ ስም እንድንታገሥ እንጠየቃለን። እኔ የምጠይቀው ከባለቤቶቹ ነው፤ ወይ ገንዘብ አውጥተው ፒቸር ይግዙ፣ ወይ ቡድኑን ለሚገዛ ሰው ይልቀቁት።