ውዳሴ ሶፋ

የአዲስ አበባ ቴአትር ተዋናይ ጠፋበት፣ ደራሲ ነጠፈበት፣ ተመልካች ራቀው እያላችሁ የምታሙ ሁሉ አንድ የዘነጋችሁት ባለሙያ አለ። ቀረጻ አለብኝ ብሎ ከጥናት አይቀርም። ቃለ ተውኔት አይረሳም። አበል ይጨመርልኝ ብሎ አኩርፎ አያውቅም። መጋረጃው ሲገለጥ ከሁሉ ቀድሞ መድረኩ መሀል ተገኝቶ የሚጠብቀን እሱ ነው፤ ሶፋው።

እንደሚታወቀው በቴአትር ቤቶቻችን አንድ ተውኔት የሚታየው በሳምንት አንድ ቀን ነው። በማግስቱ ደራሲው ሌላ፣ አዘጋጁ ሌላ፣ ርእሱም ሌላ ይሆናል። ሶፋው ግን ያው ነው፤ ቢበዛ ልብሱን ይቀይራል። ማክሰኞ ቡናማ ለብሶ ባል ውሽማውን ከጀርባው ይደብቅበታል። ኀሙስ ቀይ ለብሶ ሚስት በተራዋ ውሽማዋን ትደብቅበታለች። ቅዳሜ ነጭ ዳንቴል ጣል ይደረግበትና ከአሜሪካ የመጣችው እኅት ቁጭ ብላ ስለ ውርስ ታለቅስበታለች። ለሦስቱም ዝቅ ብሎ ይሸከማል። ይህን የመሰለ ሁለገብ ተዋናይ ከወጋየሁ ንጋቱ ወዲህ መቼ አየን?

ሥራውን በቅርብ እንየው እስኪ። መብራት ይበራል። ሶፋ፣ ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ የፕላስቲክ አበባ፣ ግድግዳው ላይ የሰርግ ፎቶ። ሠራተኛዋ አቧራ የሌለበትን ጠረጴዛ እየወለወለች ብቻዋን ታወራለች። «ይኸው ጋሼ ዱባይ ከሄዱ ሦስት ወራቸው! እትዬም ከዚያ ልጅ ጋር...» እያለች፣ ደራሲው አንድ ሙሉ ገቢር ሊደክምበት የሚገባውን ታሪክ በጨርቋ ጠርጋ ታስረክበናለች። በሩ ይንኳኳል፤ ዘበኛው ነው። ኮቱ ሰፊ፣ ሱሪው አጭር፣ ዱላው ረጅም። ንግግሩ የጎጃምም አይደል፣ የወሎም አይደል፣ የጉራጌም አይደል፤ በምድር ላይ የመድረክ ዘበኞች ብቻ የሚግባቡበት ዘዬ ነው። አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል አንሥቶ ይሰብራል፤ አዳራሹ በሳቅ ያውካካል። ከዚያ ወደ ሶፋው ይጠጋል። ሊቀመጥ ይልና ደንግጦ ይነሣል። ዞር ዞር ብሎ አይቶ እንደገና ሊቀመጥ ይልና ይነሣል። በሦስተኛው ዘፍ ይላል። ጭብጨባ!

ልብ በሉ፤ ቀልዱ ይኸው ነው። ድኻ ሶፋ ላይ ተቀመጠ። እንባችን እስኪወርድ የሳቅነው ብዙዎቻችን ደግሞ የራሳችንን ሶፋ በዕቁብ የገዛን ነን።

ከሳሎን የማይወጣ ተውኔት ምን ነውር አለው ትሉኝ ይሆናል። ኧረ ምንም የለውም። መንግሥቱ ለማም ቤት ውስጥ ያስቅ ነበር። «ያላቻ ጋብቻ» ላይ ባሕር ማዶ የተማረው የትልቅ ሰው ዘር ሠራተኛዋን ሲያገባ፣ የዘር ሐረግ ቆጠራው፣ የኩራቱና የንቀቱ ጉድ ሁሉ በአንድ በር ግር ብሎ ይገባል። ደራሲው ሠራተኛዋን የነገሩ ሁሉ መሀል አደረጋት። እኛ ስንሠለጥን ጊዜ ሻይ እንድታመጣ መልሰን ወደ ጓዳ ላክናት።

ጸጋዬ ገብረ መድኅን ግን በዚህ ረገድ ጭራሽ አልታደለም። «ጴጥሮስ ያችን ሰዓት»ን አስቡት፤ በ1928 ዓ.ም. ፋሽስቶች የረሸኗቸው አቡነ ጴጥሮስ ከሞት ጋር የሚፋጠጡበት ተውኔት ነው። የሚደገፉበት ትራስ እንኳ የለም! የዛሬ አዘጋጅ ቢያገኘው ኖሮ በአንድ የጥናት ቀን ያቃናው ነበር። «ብፁዕ አባታችን ቆመው ከሚጨነቁ ሶፋው ላይ አረፍ ይበሉ። ሞቱም ከበድ ስለሚል የወህኒው ዘበኛ ገጠሬ ይሁንና መሀል መሀሉን ፈገግ ያድርግልን።»

ከሁሉ የባሰውን ስሕተት የሠሩት ግን የቴአትራችን ጀማሪ ናቸው። በኋላ በ1923 ዓ.ም. የወጣውን የአገሪቱን የመጀመሪያ ሕገ መንግሥት ያረቀቁት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፣ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን «ፋቡላ፡ የአውሬዎች ኮሜዲያ»ን ለመኳንንቱ አሳዩ። አውሬዎቹ መድረክ ላይ ሲነጋገሩ፣ የተነካው ከታች ተቀምጦ የሚያየው የሹም ጉቦና የአስተዳደር ብልሹነት ሆነ። ተውኔቱም ታገደ። አያችሁ፣ አውሬዎቹን ሳሎን አስገብተው በነብርና በጅብ መካከል የቅናት ጠብ ቢፈጥሩ ኖሮ፣ መኳንንቱ ሆዳቸውን ይዘው ስቀው፣ «በርታ» ብለዋቸው፣ በቅሏቸውን አስጭነው ወደየቤታቸው በሄዱ ነበር።

የሶፋችን ትልቁ ሙያ እዚህ ላይ ነው። ማንንም አያስቀይምም። ከዚያ ሳሎን መስኮት ውጭ አገር የለም። ቤቴ በልማት ፈረሰብኝ ብሎ ለአንድ ሌሊት ማደሪያ የሚለምን ጎረቤት በሩን አያንኳኳም። ከጦርነት የተመለሰ ወንድም ክራንቹን ሶፋው ላይ አስደግፎ አይቀመጥም። ኑሮ ቢወደድ እንኳ የሚወደደው ሽንኩርት ብቻ ነው፤ እሱም ሠራተኛዋ ከዘበኛው ጋር እንድትቀልድበት። አንድ ተውኔት የመታገድን ማዕርግ ለማግኘት መጀመሪያ ከሶፋው መነሣት ይኖርበታል፤ ማን ይነሣል?

የሙያው ሰዎች ሲጠየቁ ምክንያት አያጡም። ዲኮር ውድ ነው ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ ግን እስከማውቀው ባዶ መድረክ ከሶፋ ይረክሳል። ጣልያን ሊወረን ሲሰናዳ ሕዝቡን ለመቀስቀስ በ1927 ዓ.ም. የተቋቋመው የአገር ፍቅር ማኅበር፣ ሕዝቡን በሶፋ ቀሰቀሰ የሚል ሰው አልሰማሁም። የጥናት ጊዜ የለንም ይላሉ። ይህኛው ያሳምናል፤ ተዋናዩ ጠዋት ለቴሌቪዥን ድራማ በአንድ ሶፋ፣ ከሰዓት ለፊልም በሌላ ሶፋ ተቀምጦ ውሎ ማታ ቴአትር ቤት ሲመጣ ሰውነቱ መቆም ረስቷል፤ ምን ይደረግ?

ቀጥሎ «ሕዝቡ የሚፈልገው ሳቅ ነው» ይላሉ። ሕዝብ ማለት እኔና እናንተ ነን፤ ምስክርነቴን ልስጥ። ባልየው ልቡን ይዞ ሶፋው ላይ ሲያጣጥር ከኋላዬ የነበሩት ሳቁ፤ የወደቀበት አወዳደቅ ዘበኛውን አስታውሷቸው መሰለኝ። ከጎኔ ያለው ስልኩን አንሥቶ «ቴአትር ላይ ነኝ፣ ንገረኝ» አለ፤ የሲሚንቶ ጉዳይ ነበር፤ ባልየው እስኪሞት አላለቀም። ለዚህ ዓይነቱ ተመልካች ነብርና ጅብ ማውጣት ምን ይበጃል?

ሶፋው ዓለም አቀፍ ዝናም አለው። ቡድኖቻችን ወደ አሜሪካ ሲዞሩ ቪዛ የማይጠይቅ ተዋናይ እሱ ብቻ ነው። ዋሽንግተን ሲደርሱ የሆነ ማኅበር አዳራሽ ውስጥ ወንድሙ ተቀብሎ ይጠብቃቸዋል። እንዲያውም ጽሑፉ ሲመረጥ በአራት ሰውና በአንድ ሶፋ የሚያልቅ መሆኑ በቅድሚያ ይታያል አሉ፤ የአውሮፕላን ትኬት ነገር ነው።

እንግዲህ ለዚህ ሁሉ ውለታ የክብር ጡረታ ቢወጣለት ምን ይለዋል? ብሔራዊ ቴአትር ደጃፍ ካለው የድንጋይ አንበሳ አጠገብ ሐውልት ይቁምለት እስከማለት አልሄድም፤ አንድ የሽኝት ምሽት ግን ይገባዋል። ወግ ነውና የክብር እንግዳው ሁለት ሰዓት ያህል ዘግይተው ይመጣሉ፤ ንግግር ያደርጋሉ፤ ጥበብ የኅብረተሰብ መስተዋት ነው ይላሉ፤ የምስክር ወረቀት ይሰጣሉ። ችግር የሚፈጥረው የአቀማመጡ ነገር ነው። የክብር እንግዶች በእንዲህ ያለ ቀን ከፊት ረድፍ ሶፋ ካልተዘረጋላቸው አይሆንም፤ ከሌላ መሥሪያ ቤት ሶፋ ለመዋስ ደግሞ የትብብር ደብዳቤ፣ ጭነት መኪናና የንብረት ክፍል ፊርማ ይጠይቃል። ቀላሉ መንገድ የመድረኩን ማውረድ ነው። ያኔ ተሸላሚው ሸላሚውን ተሸክሞ ከታች ሲቀመጥ፣ ከላይ መድረኩ ለአንድ ሰዓት ያህል ባዶውን ይቀራል። ተዋንያኑ ያን ሁሉ ጊዜ እንዴት እንደሚቆሙና እጃቸውን የት እንደሚያደርጉ አዘጋጁ ከወዲሁ ቢያስጠናቸው ደግ ነው።