ባዶ እጅ ለማርጀት የሚያበቁ ስምንት መንገዶች

ገዳሪፍ የሱዳን የሰሊጥና የማሽላ አገር ናት። ከመተማ ዮሐንስ ድንበሩን ተሻግሮ ከጋላባት እስከ ገዳሪፍ ባለው መስመር ኢትዮጵያውያን ሰሊጥ ያጭዳሉ፣ ቡናና ሻይ ይሸጣሉ፣ ምግብ ቤት ይከፍታሉ፣ በሰው ቤት ይሠራሉ። በኢትዮጵያ በግል ድርጅት የተቀጠረ ሰው ከደመወዙ 7 በመቶ ሲያዋጣ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምርለታል፤ ቢያንስ 10 ዓመት ካገለገለም 60 ዓመት ሲሞላው አበል ይቆረጥለታል። በሰሊጥ እርሻ ላይ ለሚውል የቀን ሠራተኛ ግን እንዲህ ያለ መዋጮ የሚያስገባለት የለም። መጦሪያውን ራሱ ያጠራቅማል፣ ራሱም ይጠብቃል። መጦሪያው የሚጠፋባቸው መንገዶች የታወቁ ናቸው፤ ከሚከተሉት ሁለቱን ወይም ሦስቱን አጥብቆ የያዘ ሰው ሠላሳ ዓመት ሠርቶም ባዶ እጁን ያረጃል።

፩. ከወጪ የተረፈውን መቆጠብ

የመጀመሪያው መንገድ ቁጠባን ለመጨረሻ ማቆየት ነው። ሰሊጥ ሲደርስ ፍሬው ተከፍቶ ስለሚረግፍ ባለእርሻው በጥቂት ቀናት ውስጥ ብዙ ክንድ ይፈልጋል። በጥቅምትና በኅዳር የቀን ሠራተኛው ዋጋ የሚንረው ለዚህ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ትርፍ የሚባል ገንዘብ የሚገኘውም በእነዚህ ሳምንታት ብቻ ነው። ሒሳብ የሚዘጋበት ቀን ሲደርስ በመጀመሪያ የሚቀነሰው በእርሻው ላይ በዱቤ የተወሰደው ነው፦ ስኳሩ፣ ሲጋራው፣ የሞባይል ካርዱ፣ ለወባ የተገዛው መድኃኒት። ቀጥሎ ጫማና ልብስ ይገዛል፣ ጓደኛ ይጋበዛል፣ የመኪና ይከፈላል። ሠራተኛው መተማ ሲደርስ በኪሱ የቀረው እስከ ቤቱ የሚያደርሰው ነው። ጥሪት የሚይዘው ሰው ቅደም ተከተሉን ይገለብጠዋል፤ የመጦሪያውን ድርሻ በክፍያው ቀን፣ ከሁሉ በፊት ያነሳል።

፪. ሁሉንም በኖት ማስቀመጥ

ሁለተኛው መንገድ የተቆጠበውን በፓውንድ ጠቅልሎ ፍራሽ ሥር ማኖር ነው። በሱዳን የዋጋ ግሽበት እ.ኤ.አ. በጁላይ 2021 በዓመት ከ400 በመቶ አልፎ ነበር። የሱዳን የእርስ በርስ ጦርነት በኤፕሪል 2023 ሲጀመር 600,000 ፓውንድ ያላት ሻይ ሻጭ 1,000 ዶላር ገደማ ነበራት፤ ያንኑ ገንዘብ ሳትነካው እስከ 2024 መጨረሻ ብታቆየው በገበያው ምንዛሬ ከ300 ዶላር በታች ይወርድባት ነበር። በዚያው ዓመት በዲሴምበር ደግሞ ገዳሪፍን ጨምሮ በሱዳን ጦር ቁጥጥር ሥር ባሉ ግዛቶች የ500 እና የ1,000 ፓውንድ አሮጌ ኖቶች እንዲቀየሩ ተደረገ። ቅያሪው በባንክ ሒሳብ በኩል ስለነበር ሒሳብ የሌለው ሰው ሒሳብ መክፈት ወይም ሌላ ሰው መለመን ነበረበት።

ገንዘቡን በብር መያዝም ብቻውን መጠለያ አይሆንም። ኢትዮጵያ በመስከረም 2013 ዓ.ም. የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶችን ስትቀይር የተሰጠው ጊዜ ሦስት ወር ነበር። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሬ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅም 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ስለዚህ ኖት ለወራት ወጪ ይበቃል እንጂ ለእርጅና አይሆንም። የሩቁ ጥሪት ተከፋፍሎ በወርቅ፣ በሚራባ ከብት፣ በሚከራይ ቤት፣ ሰነድ ያለው ሰው ከሆነም በውጭ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በተፈቀደው የውጭ ምንዛሬ ሒሳብ ሊቀመጥ ይገባዋል።

፫. ሁሉንም በአንድ ስልክ ላይ መጫን

ጦርነቱ ብዙ ባንኮችን ከዘጋ ወዲህ የሱዳን ገበያ የሚንቀሳቀሰው በአብዛኛው በባንካክ ነው፤ ይህም የካርቱም ባንክ የስልክ መተግበሪያ ነው። ከሌባ ያድናል፣ ጥሬ ገንዘብ ይዞ መጓዝንም ያስቀራል። ሆኖም በፌብሩዋሪ 2024 በአገሪቱ ሰፊ ክፍል የስልክ አገልግሎት ሲቋረጥ ገንዘቡ ሁሉ ባንካክ ላይ የነበረ ሰው ዳቦ መግዣ አጣ። ሒሳቡ በሌላ ሰው ስም ከተከፈተ ደግሞ ስልኩ ወይም ሲም ካርዱ ሲጠፋ ገንዘቡን የሚያስመልስ ማስረጃ አይኖርም።

፬. ሰብሉን ሳይታጨድ መሸጥ

የገዳሪፍ ገበሬ የሚያውቀው አራተኛው መንገድ ሸይል ነው። በክረምት፣ ዘርና ነዳጅ ሲያስፈልግ ነጋዴው ገንዘብ ያበድራል፤ ብድሩ የሚመለሰው ግን በመኸር በሰብል ነው፣ ያውም ዋጋው በችግሩ ሰዓት ተቆርጦ። ለምሳሌ በመኸር 100 የሚያወጣ ሰሊጥ በክረምት በ60 ከተቆረጠ፣ ገበሬው በአራትና በአምስት ወር ውስጥ በወሰደው በእያንዳንዱ 60 ላይ 40 ወለድ ከፈለ ማለት ነው። ይህ በየዓመቱ ሲደጋገም ጥሩ ዝናብ የዘነበበት ዓመት እንኳ ትርፉ ለነጋዴው ይገባል። በመተማ በኩል ያለው ገበሬም ያንኑ ዕዳ በሌላ ስም ያውቀዋል። ከዚህ የሚያወጣው ካለፈው መኸር የዘር ወጪን ለይቶ ማስቀረት ነው፤ ይህን ያደረገ ሰው በክረምት ወደ ነጋዴ ደጅ አይሄድም።

፭. ዕድሜን በአንድ መሬት ላይ ማፍሰስ

አል ፋሽጋ በገዳሪፍ ግዛት የምትገኝ፣ ሁለቱ አገሮች ለረጅም ጊዜ የተከራከሩባት ለም መሬት ናት። የኢትዮጵያ ገበሬዎች ለአሥርት ዓመታት ሰሊጥና ማሽላ ሲያለሙባት ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ የሱዳን ጦር አካባቢውን ሲቆጣጠር እነዚህ ገበሬዎች ያለሙትን መሬት ጥለው ወጡ። ለባለቤትነቱ ማንም ዋስትና ባልሰጠበት መሬት ላይ ትራክተሩን፣ ብድሩንና የልጆቹን ውርስ በሙሉ ያኖረ ሰው በአንድ ወቅት ሁሉንም ያጣል። ትርፉን በየዓመቱ ከዚያ እያወጣ በኢትዮጵያ በኩል ጎንደር ወይም ሸኸዲ ላይ ሌላ ነገር የገዛ ግን መሬቱን ቢያጣም መጦሪያውን አላጣም።

፮. ንብረትን በሰው ስም መግዛት

ስደተኛ ገንዘብ የሚልከው ለሚያምነው ነው፤ ለወንድም፣ ለአጎት፣ ለጓደኛ። ቦታው ተገዝቶ ቤቱ ይሠራል፣ ካርታው ግን በተላከለት ሰው ስም ይወጣል። ከዓመታት በኋላ ወንድም ያገባል፣ ይሞታል ወይም ይበደራል፤ ንብረቱ ለሚስቱ፣ ለወራሾቹ፣ ለአበዳሪው ይሆናል። በአንዳቸውም ላይ ክፋት ላይኖር ይችላል፤ ሕጉ የሚያየው ወረቀቱን ነው። ካርታ የሌለው የጨረቃ ቤት ከሆነ ደግሞ ሲፈርስ ካሳ የሚጠየቅበት ወረቀትም የለም። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ገዥው ራሱ መሆን፤ ካልተቻለም ለምን ጉዳይ እንደተሰጠ በዝርዝር የተጻፈና በሕጋዊ መንገድ የተረጋገጠ ውክልና መስጠት። ገንዘብ የተላከበትን ደረሰኝ መጠበቅም ከዚሁ ይቆጠራል።

፯. ከገበያው በላይ የሚከፍለውን ማመን

እ.ኤ.አ. በ2010 በዳርፉር ኤል ፋሸር ሱቅ አል መዋሲር የተባለ ገበያ ነበር። ነጋዴዎቹ መኪናና ዕቃ ከገበያ ዋጋ በላይ ይገዙ ነበር፤ የሚከፍሉት ግን ቀኑ ገና ባልደረሰ ቼክ ነበር። የገዙትን ወዲያው በርካሽ በጥሬ ገንዘብ ይሸጡታል፣ ቀድሞ የመጣውንም ኋላ በመጣው ገንዘብ ይከፍሉታል። አዲስ ሰው መምጣቱ ሲቀንስ ቼኩ ባዶ ሆነ፤ ሰው ቤቱንና ከብቱን አጣ፣ በተቀሰቀሰው ተቃውሞም ሕይወት ጠፋ። እቁብ ከዚህ የሚለየው የሰጡትን ብቻ መልሶ ስለሚሰጥ ነው። ዳኛ፣ ጸሐፊና ዋስ አለው፤ ቀድሞ ዕጣ የወጣለት ቢጠፋ ዋሱ ይጠየቃል። ዋስ የማይጠየቅበት እቁብና ትርፉ ከየት እንደሚመጣ የማይነገርበት ንግድ መጨረሻቸው አንድ ነው።

፰. ልጅን ብቸኛ ጧሪ ማድረግ

የመጨረሻው መንገድ ልጆችን እንደ ሙሉ መጦሪያ መቁጠር ነው። ልጅ ወላጁን መጦሩ የአገሩ ወግና የሚያኮራ ነው፤ ነገር ግን ልጁም በዚያው ገበያ፣ በዚያው ድንበር፣ በዚያው ጦርነት ውስጥ ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ2023 ከካርቱም ሸሽተው በገዳሪፍ አልፈው መተማ ከገቡት ኢትዮጵያውያን መካከል ለወላጅ ገንዘብ ይልኩ የነበሩ አሉ፤ በአንድ ሳምንት ውስጥ እርዳታ ፈላጊ ሆኑ። ወላጅ የራሱ ጥቂት ጥሪት ሲኖረው ልጁን በክፉ ቀን ይቀበላል፣ የልጁም እርዳታ ለመድኃኒትና ለበዓል ይሆናል። ሁለቱም ባዶ እጅ ሲሆኑ ግን ሸክሙ ለልጅ ልጆች ይተላለፋል፤ እነሱም ከትምህርት ወጥተው ወደ ሰሊጥ አጨዳ ይሄዳሉ።