ጠየቀ ወይስ መለሰ?

ደብረ ታቦር ውስጥ የማዘወትራት አንዲት ቡና ቤት አለች። ቴሌቪዥኗ ከጣሪያው ሥር ተሰቅሏል፤ ዕጣኑ ሽቅብ ሲወጣ የተናጋሪውን ፊት ይጋርደዋል። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ምክር ቤት ቀርበው ለጥያቄ መልስ በሚሰጡበት ቀን እዚያ መቀመጥ ልማዴ ነው። አንድ ቀን አንድ የተከበሩ አባል ዕድል ተሰጥቷቸው ተነሡ። አቦሉ ቀረበልኝ፤ አባሉ አመሰገኑ። አቦሉን ጠጥቼ ጨረስኩ፤ አባሉ የተመዘገቡትን ውጤቶች መዘርዘር ጀመሩ። ቶናው መጣ፤ ውጤቶቹ አላለቁም። በረካው ላይ ስንደርስ “ይሁን እንጂ” አሉ። ስኒዬን አስቀምጬ ጆሮዬን አቀናሁ። ይሁን እንጂ አንዳንድ ክፍተቶች እንዳሉ ይታወቃል፤ ክፍተቶቹን ለመሙላት መንግሥት በቁርጠኝነት እየሠራ መሆኑም ይታወቃል፤ በዚህ ላይ ሰፋ ያለ ማብራሪያ ቢሰጥበት፤ አመሰግናለሁ። ተቀመጡ።

ከጎኔ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው የተከናነቡ አዛውንት ነበሩ። ወደ እኔ ዘንበል ብለው፣ “ልጄ፣ ሰውየው ጠየቀ ወይስ መለሰ?” አሉኝ።

ያኔ የምመልሰው አጣሁ። ዋል አደር ብዬ ሳስበው ግን ስህተቱ የእኔና የአዛውንቱ ሆኖ አገኘሁት። እኛ ጥያቄ የምንለው ያረጀውን ነገር ነው፤ የማያውቅ ሰው የሚያውቀውን የሚጠይቀውን። የተከበሩት አባል ያሳዩን ዘመናዊውን ነው፤ መልሱን በሆዱ ይዞ የሚወለድ፣ ተጠያቂን የማያስቸግር፣ ሚኒስትር እንቅልፍ የማያጣበት ጥያቄ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 55 ምክር ቤቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች ባለሥልጣናትን ጠርቶ የመጠየቅ፣ የአስፈጻሚውንም አሠራር የመመርመር ሥልጣን እንዳለው ደንግጓል። መመርመር የሚለው ቃል ለሰሚው ይከብዳል፤ መርፌና ደም ያስታውሳል። የእኛ ሐኪሞች ግን በሽተኛውን ገና ከበር ተቀብለው “ጤናዎ እንዴት አምሮበታል!” ስለሚሉት ማንም አይጎዳም።

አባቶቻችን በዚህ ረገድ በጣም ኋላቀሮች ነበሩ። በበጌምድር አደባባይ “በላ ልበልሃ!” “ተጠየቅ!” እየተባባሉ በቁማቸው ሲሟገቱ፣ ጠያቂው ጥያቄውን እንደ ጦር ወርውሮ ተጠያቂው እስኪመልስ ቀና ብሎ ይጠብቅ ነበር። ተከራካሪ ለቃሉ ማርና በቅሎ ወርድ ያሲዛል። አስቡት፤ በጥያቄ በቅሎ መክሰር! የዛሬው ጠያቂ በጥያቄው የሚከስረው አንዳች ነገር የለም። ያተርፍ እንደሆነ እንጃ።

የቡሄን ልጆችም ልውቀሳቸው፤ በዓሉና ከተማችን በስም ሞክሼ ናቸው። ልጆቹ በነሐሴ ደጅ ደጁን እየዞሩ ጌታውን ያሞግሳሉ፤ እስከዚህ ድረስ ከምክር ቤት አባል አይለዩም። ጥፋታቸው ከዚያ በኋላ ነው። ሙልሙሉ ካልመጣ ከበሩ አይነቀሉም። ጭራሽ ዜማውን ሳይለውጡ ሙገሳውን ወደ ስድብ ያዞሩታል። ያላደጉ ልጆች ናቸው፤ አሞግሶ ባዶ እጅ መመለስን ገና አልተማሩም።

ታዲያ ይህ ጥበብ አራት ኪሎ ብቻ ተዘግቶበት ለምን ይቀራል? ወደ ደብረ ታቦር ገበያ እናውርደው። የገበያ ቀን ነው፤ ከጉና ግርጌ ድንች ወርዷል። ድሮ ቢሆን ደንበኛው “እናቴ፣ መደቡ ስንት ነው?” ብሎ ይገላገል ነበር። አሁን ግን ጉሮሮውን ይጠርግና፣ “ክብርት እናቴ፣ በቅድሚያ ይህን ዕድል ስለሰጡኝ ከፍ ያለ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ባለፉት ዓመታት በድንች ዘርፍ የተመዘገበው ውጤት እጅግ አበረታች መሆኑን መራጩ ባለቤቴ በተደጋጋሚ ገልጻልኛለች። ይሁንና ከዋጋ ጋር ተያይዞ በአንዳንድ ድስቶች ዘንድ ብዥታ ይስተዋላል። ይህን ብዥታ ለማጥራት ምን እየተሠራ ይገኛል?” ይላል።

ሻጯም ሥርዓት ስላላት ወዲያው አትመልስም። ጥያቄ አንድ በአንድ አይመለስም፤ ይጠራቀማል። የሃያ ደንበኛ ጥያቄ እስኪሰበሰብ ደንበኞች ዘንቢላቸውን አንጠልጥለው ይሰለፋሉ። የመጨረሻው ጠያቂ አመስግኖ ሲቀመጥ ሻጯ ተነሥታ በጥቅሉ መመለስ ትጀምራለች። መጀመሪያ የጉናን ከፍታ ታነሣለች፤ ተራራው ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ነው፣ ድንች ደግሞ ብርድ ይወዳል። ከዚያ ድንች ከደቡብ አሜሪካ የሄደበትን ጉዞ፣ ከዚያ ከእርሷ በፊት እዚያ ቦታ ላይ የተቀመጡ ሻጮች ያወረሷትን የተበላሸ ሚዛን፣ ከዚያ አንድ ጊዜ በውጭ አገር ያየችውን ድንች። እኩለ ቀን ያልፋል። አህዮቹ ጆንያውን ከጎን እየቀደዱ ይበላሉ። “ዋጋን በተመለከተ” ስትል ገበያው በሙሉ እስክሪብቶ ያወጣል፤ እርሷም ዋጋ በመሠረቱ የአስተሳሰብ ጉዳይ መሆኑን፣ ድንች የሚወደደው ሰው ድንች ስለሚፈልግ መሆኑን፣ መፈለግ ደግሞ የዕድገት ምልክት መሆኑን ታብራራለች። ይመሻል። ከደቡብ በኩል ጅብ ይጮኻል፤ በክብርት እናታችን መልስ ላይ ግን ተጨማሪ ጥያቄ ማንሣት አይፈቀድምና ማንም አይነቃነቅም። በሦስተኛው ቀን ድንቹ ያቆጠቁጣል። በአምስተኛው ቀን ቅጠል ያወጣና ሻጯ ይህንኑ “በገበያ መሃል የተካሄደ አረንጓዴ ልማት” ብላ በሪፖርቷ ታካትታለች። በስድስተኛው ቀን ዋጋው ለድምፅ ይቀርባል፤ የሚደግፉ፣ የሚቃወሙ፣ ድምፀ ተአቅቦ። ስንት እንደሆነ ያልተነገረው ዋጋ በአብላጫ ድምፅ ይጸድቃል። ድምፀ ተአቅቦ ያደረገው አንድ የአህያ ጠባቂ ልጅ ብቻ ነው፤ እርሱም እጁን ያወጣው ሽንት ቤት ለመጠየቅ ነበር።

ደንበኛው በሰባተኛው ቀን ባዶ ዘንቢል ይዞ ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ከምድጃው ቀና ትልና አንዲት ቃል ትናገራለች፦

“ድንቹስ?”

ይቺ ናት ጥያቄ። አራት ፊደል ናት፤ ምስጋና የላትም፣ ማብራሪያ አትለምንም፣ ባልየው ጉናን ቢያወሳም ክፍለ ዓለም ቢቆጥርም አይድንባትም።

ይኸው ልማድ ወደ ሌላም ቢዛመት ጥቅሙ ብዙ ነው። ንስሐ የሚገባው ሰው በኃጢአት ዙሪያ ለተመዘገበው ውጤት ንስሐ አባቱን ያመሰግናል። የባጃጅ ተሳፋሪ ሒሳቡን እስኪጠይቅ ጋይንት ይደርሳል።

ሰንደቅ ዓላማም አለልን። ቀኑ በየዓመቱ ጥቅምት በገባ በመጀመሪያው ሰኞ ይከበራል፤ በአዋጅ ቁጥር 654/2001 ዓርማው ከመሃል ተደንግጓል። እዚህ ግን ሰው በጥምቀት ዓርማ የሌለውን ይዞ ይወጣል፤ ለምን ያንን እንደመረጠ ከልቡ ቢጠየቅ የሚናገረው ብዙ ነው። እኔ በሰማኋቸው የምክር ቤት ቀናት ይህ ሁሉ “ከብሔራዊ ምልክቶች ጋር ተያይዞ የሚታዩ ብዥታዎች” ሆኖ በአንድ ትንፋሽ ያልፋል። ብዥታ ድንቅ ቃል ነው፤ የሚታየውን ነገር ጥፋት ወደ ተመልካቹ ዓይን ያዞረዋል።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ። የ2017 በጀት 971.2 ቢሊዮን ብር ነበር። በዚያው ዓመት ኅዳር፣ በጀት ዓመቱ አምስት ወር ሳይሞላው፣ 582 ቢሊዮን ብር ያህል ተጨማሪ በጀት ቀረበና ጸደቀ። ምክንያት አልጠፋም፤ ብር ሐምሌ 2016 ላይ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዕዳውም ነዳጁም ማዳበሪያውም ንሯል። ግን በግንበኛ ቋንቋ አስቡት። ቤት ሊሠራልኝ በ100 ሺህ ብር የተዋዋለ ባለሙያ በአምስተኛው ወር መጥቶ “60 ሺህ ጨምር” ቢለኝ መጀመሪያ የማደርገው ግንቡን ዞሮ ማየት ነው፤ ስንተኛ ረድፍ ላይ ደረሰ? ሲሚንቶው የት ገባ? የተማረ ሰው ብሆን ኖሮ ግን ለግንበኛው ቁርጠኝነት ያለኝን አድናቆት ገልጬ እጄን አወጣ ነበር።

አሁን ሽሙጡ ይብቃኝና አንድ ነገር በቀጥታ ልበል። በዚህ ምክር ቤት የሂሳብ ጥያቄ በሂሳብ ቋንቋ የሚጠየቅበት አንድ ቦታ ነበር፤ የዋና ኦዲተርን ግኝት ይዞ መሥሪያ ቤቶችን ፊት ለፊት የሚያስቀምጠው የመንግሥት ወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ቋሚ ኮሚቴ። ሰብሳቢው የተቃዋሚው ፓርቲ የአብን አባል አቶ ክርስቲያን ታደለ ነበሩ። በ2015 ክረምት፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀ ሰሞን፣ ታሰሩ። ስለጠየቁ ታሰሩ አልልም፤ የተሰጠው ምክንያት ሌላ ነው። ግን 547 ወንበር ባለበት አዳራሽ ተቃዋሚዎቹ አብን 5፣ ኢዜማ 4 ወንበር ይዘው በገቡበት ዘመን፣ ደረሰኝ የሚጠይቀው ሰው ወንበር ባዶ ሲሆን ሌላው ጠያቂ ምን እንደሚማር ለማወቅ ነቢይ መሆን አያሻም። ያናድዳል። ለዚያ ነው ቡናዬ የሚቀዘቅዘው።

ወደ ጨዋታዬ ልመለስ። ደብረ ታቦርን በሚመለከት ምክር ቤት ውስጥ ከተጠየቁት ጥያቄዎች ሁሉ ብልጫ ያላቸው የተጠየቁት አራት ኪሎ አይደለም፤ ለንደን ነው። ታሪኩ ከእኛው ደጅ ይጀምራል። ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ አውሮፓውያኑን ሰብስበው ሴባስቶፖልን አሠሩ፤ 70 ኩንታል ያህል የሚመዝን መድፍ። ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ መንገድ እየጠረጉ፣ ራሳቸውም ድንጋይ እያነሡ፣ በስድስት ወር ገደማ አደረሱት። (የአዋጭነት ጥናት ሳይጠና! ዛሬ አንድ ወኪላችን ስለ መንገድ ሲያነሳ “ጥናት ላይ ነው” ይባላል፤ ያ መንገድ ሲጠና ሌላ ቴዎድሮስ ተወልዶ ያረጅ ነበር።) እንግሊዞች መጡ፤ 44 ዝሆን ጭምር ይዘው። ቴዎድሮስ በ1860 መቅደላ ላይ ራሳቸውን ሠዉ፤ ዘውዱ፣ ጽዋው፣ መጻሕፍቱ ተጫኑ።

እንግዲህ እዚህ ላይ የእንግሊዞቹን ባለጌነት ተመልከቱ። አሸንፈዋል፣ ዘርፈዋል፣ ተጨብጭቦላቸዋል። የምክር ቤታቸው አባላት ግን ጭብጨባው ሳይበርድ ወጪው ስንት ነው ብለው ተነሡ። ዘመቻው ከ8 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ፈጅቶ መጀመሪያ ከተገመተው ከእጥፍ አልፎ ነበርና አጣሪ ኮሚቴ አቁመው ወጪውን መረመሩት። በ1871 እ.ኤ.አ. ደግሞ ስለ ዘውዱና ጽዋው ጉዳይ እዚያው ምክር ቤት ውስጥ ጥያቄ ተነሣ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ግላድስተን ተነሥተው እነዚያ ነገሮች ከአቢሲኒያ መወሰዳቸው በጣም እንደሚያሳዝናቸው ለመናገር ተገደዱ። ዘውዱና ጽዋው አልተመለሱም፤ ዛሬም ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ውስጥ ናቸው። እንግሊዝን አመስግኑልኝ ማለቴ አይደለም። የእኔን ሆድ የሚያቃጥለው ሌላ ነው፤ ሌባ እንኳ እቤቱ ሲገባ “ለመሰላሉ ስንት ከፈልክ?” ተብሎ ተጠየቀ። ስለ እኛ ዕቃ። በእኛ ስም የተቀመጡት ግን ስለ እኛው ገንዘብ ማብራሪያ ይለምናሉ።

ያን ቀን ቡና ቤቷ ውስጥ መብራት ጠፋ። መልሱ ገና ከአሥር ዓመት በፊት በነበረው ሁኔታ ላይ ነበር። አዛውንቱ ሒሳባቸውን ከፍለው ሲነሡ፣ “ልጄ፣ አንተ የተማርክ ነህ፤ ለወኪላችን ጥያቄ ጽፈህ ብትሰጠው ምን አለበት?” አሉኝ። ተስማማሁ። ከኪሴ ወረቀት አውጥቼ እንዲህ ጻፍኩ፦

“የወረታ ደረቅ ወደብ ባለፈው ዓመት ስንት ኮንቴይነር አስተናገደ? የፋርጣ ገበሬ ማዳበሪያውን በስንት ብር ገዛ? 582 ቢሊዮኑ ብር ምን ምን ላይ ዋለ? ቁጥሩን ብቻ።”

ለአዛውንቱ አነበብኩላቸው። ጥቂት ዝም አሉና፣ “እንዲህ አድርጎ ደረቅ? ልጁን ታስገድልብናለህ” አሉ።

እውነታቸውን ነው። ወረቀቱን ቀደድኩና በአዲስ ጀመርኩ፦ “ክቡር አፈ ጉባኤ፣ በቅድሚያ ይህን ዕድል ስለሰጡኝ ከፍ ያለ ምስጋናዬን እያቀረብኩ፣ በዞናችን የተመዘገቡትን አበረታች ውጤቶች...”