«ፈረንጅ አመጣሽ ነው» ላሉት ጋሼ

ጋሼ፣ የደባርቅ ልጆች በዚያ ብርድ ጃኬታቸውን እስከ አገጫቸው ዘግተው ራፕ ሲደረድሩ አይተው ተቆጡ አሉ። እንግዲህ ቁጣዎን በየተራ እንመልስ።

«የኛ አይደለም» ላሉት፦ ሂፕ ሆፕ እ.ኤ.አ. በ1973 ኒውዮርክ፣ ብሮንክስ ሰፈር ተወለደ፤ አልካድንም። ግን ስምን ጠርቶ፣ ዘርን ቆጥሮ፣ ባላንጣን በቃል አዋርዶ መፎከርን ብሮንክስ ነው ያስተማረን? ባለፈው ሠርግ ጠላው ሞቅ ሲያደርግዎ ሽመል እየነቀነቁ ያወረዱት ቀረርቶ ምን ነበር? ቃለ ጉባኤ?

«ዘፋኝን ፖለቲካ ምን አገባው?» ላሉት፦ የድሮ መኳንንት «እረኛ ምን አለ?» ብለው ያስጠይቁ ነበር። የዛሬዎቹ «እረኛው የማን ልጅ ነው?» ይላሉ። ቱኒዚያዊው ራፐር ኤል ጄነራል ፕሬዚዳንቱን ቤን አሊን በግጥም ሞገተና እ.ኤ.አ. በ2011 ጃንዋሪ መግቢያ ላይ ታሰረ። በሳምንቱ ገደማ ቤን አሊ አገር ጥሎ ሸሸ። ልጁ ቤቱ ገባ፤ ሰውዬው እንደወጣ ቀረ።

«ተሳዳቢዎች ናቸው» ላሉት፦ በ1845 ዓ.ም. ጉር አምባ ጦር ሜዳ ላይ የደጃዝማች ጎሹ አዝማሪ ጣፋጭ የጌታውን ባላንጣ ካሳን ተረበ። ጎሹ ወደቁ፣ ጣፋጭ ተማረከ፤ ጥፋቱን በግጥም ቢናዘዝም በዱላ አለቀ። ካሳም በ1847 ዓ.ም. እዚሁ ስሜን፣ ገዥው ደጃዝማች ውቤ ለራሳቸው ንግሥ ባዘጋጁት ደረስጌ ማርያም፣ ቴዎድሮስ ተብለው ዘውድ ጫኑ። አዩ ጋሼ፣ አዝማሪ ያስገደሉት ንጉሥ እስከ ዛሬ ስማቸው የሚነግሠው በአዝማሪ አፍ ነው።

«ሁሉም ለሆዱ ነው» ላሉት፦ እዚህ ላይ ግማሽ እውነት አለዎት። የዳባት ገበሬ ማዳበሪያ ሲወደድበት ትንፍሽ ሳይል የሌለውን መርሴዲስ የሚቆጥር ራፐር አለ። እሱን ግን አይቆጡት፤ ይሹሙት። የሌለውን ሪፖርት ማድረግ ካወቀ ቢሮ እንጂ መድረክ አይመጥነውም። ግንባሩ ላይ ብር ሲለጠፍለት አፉ የሚዘጋውንም አብረው ይውሰዱት፤ ምክትል ይሆንዎታል።

«እንግዲያው ዝም እናሰኛቸው» ላሉት፦ ተሞክሯል። በ1929 ዓ.ም. የጣልያኑ ገዥ ግራዚያኒ ጠንቋዩን፣ ባሕታዊውንና አዝማሪውን አንድ ላይ እንዲጨርሱ ሰዎቹን አዘዘ። ጣልያን ሊማሊሞን ጠርቦ መንገድ ሠራና ሄደ፤ አዝማሪው መሰንቆውን አንግቶ በዚያው መንገድ ይመላለሳል።

ስለዚህ ጋሼ፣ ልጆቹ ማይኩን ሲያቀብሉዎት ወደ ጣቢያ አይሩጡ። መልስ ካለዎት ገጥመው ይምጡ። ፖሊስ እንደሆነ ሰው ይመታል እንጂ ቤት አይመታም።